አራተኛው ጣቢያ ለምን ነጣ

በከተማው የአየር ጥራት ላቦራቶሪ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም፤ ትልቁም ትንሹም «ሚዛን» ይላታል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሥራዋ አንድ ነው፤ ከስድስት ጣቢያዎች የሚመጡ ክብ የማጣሪያ ወረቀቶችን መመዘን። ወረቀቷ የሻይ ብርጭቆ አፍ እንኳ በወጉ አትከድንም። በየጣቢያው ጣሪያ ላይ የተተከለው ማሽን ቀን ከሌት አየር ይምጋል፤ አየሩ በወረቀቱ አልፎ ይወጣል፣ ብናኙ እዚያው ይቀራል። ሚዛን ወረቀቱን ከመላኩ በፊት ትመዝነዋለች፣ ሲመለስም ትመዝነዋለች። የሁለቱ ልዩነት የሰፈሩ ሰው በአንድ ቀን ምን ሲተነፍስ እንደዋለ ይናገራል። በጣት አይነካም፣ በወረንጦ ነው። በር ሲከፈት እንኳ ቁጥሩ ስለሚንቀጠቀጥ ስትመዝን ትንፋሿን ውጣ ነው። ባልደረቦቿ፣ ከተማው ይተንፍስ ብላ እሷ ሳትተነፍስ ትውላለች እያሉ ይቀልዱባታል።

ከስድስቱ የከፋው አራተኛው ጣቢያ ነበር። የተተከለው ከብረት ማቅለጫው ፋብሪካ ጀርባ፣ በአንዲት ትንሽ ክሊኒክ ጣሪያ ላይ ነው። ፋብሪካው የመኪና ሬሳ፣ የዛገ ቱቦ፣ የተሰባበረ አልጋ፣ ያገኘውን ብረት ሁሉ እያቀለጠ ለግንባታ የሚሆን ዘንግ ያወጣል። ከዚያ የሚመጣው ወረቀት የድስት ቂጥ ይመስላል። የያዘው ብናኝ ሲመዘን ሦስት ሚሊግራም ተኩል፣ በክፉ ቀን አራት። ላልገባው ሰው ይህ ቀልድ ነው፤ ከአንዲት የአሸዋ ቅንጣት አይበልጥም። ግን ያቺ ቅንጣት እልፍ ቦታ ተበትና፣ ከፀጉር በብዙ እጥፍ ቀጥና፣ አፍንጫ ሳያስቆማት ሳንባ ድረስ ገብታ እዚያ ቤቷን እንደምትሠራ ሚዛን ታውቃለች። ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የምታውቀው። የተወለደችው እዚያው ሰፈር ነው። አባቷ ሃያ ስምንት ዓመት የዚያ ምድጃ ሠራተኛ ነበሩ፤ ዛሬ ከአልጋ ወርደው ጫማቸውን እስኪያስሩ ሁለት ጊዜ ያርፋሉ።

በዚያ ሰሞን የአራተኛው ጣቢያ ወረቀት በድንገት ነጣ።

መጀመሪያ ቀን አንድ ከሁለት አሥረኛ ሚሊግራም መዘነ። ሚዛን የመጀመሪያ ጥርጣሬዋ ሚዛኑ ላይ ነበር። መፈተሻ ክብደቱን በወረንጦ አንስታ አስቀመጠች፤ ሚዛኑ ልክ ነው። ቀጥላ ወረቀት ቀያሪውን ጠረጠረች፤ ይህ በሞተር ሳይክል እየዞረ በየማለዳው ወረቀት የሚቀይር ቴክኒሻን ነው። ጣቢያ አምታትቶ እንደሆን ጠየቀችው፤ ልጁ ቅር አለው፣ አላምታታም። በማግስቱ አንድ ከአንድ። በሳልስቱ አንድ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲያ ሆነ። ውሃ የበዛበት ሻይ የመሰለ ቀለም ብቻ እየያዘ መጣ።

የላቦራቶሪው ኃላፊ ደስታውን የሚያደርግበት አጣ። ከፋብሪካው ጋር ሁለት ዓመት ሲጨቃጨቅ የኖረ ሰው ነው። ፋብሪካው የጭሱን ብናኝ የሚያስቀሩትን ከረጢቶች በሙሉ ቀይሬያለሁ ብሎ ደብዳቤ ጽፏል፤ በዚያው ደብዳቤ ሁለተኛ ምድጃ ለመትከል ፈቃድ ጠይቋል። ፈቃዱ የሚወሰነው ከደብዳቤው ወዲህ ባለው የላቦራቶሪው የሦስት ሳምንት ሪፖርት ነው። ኃላፊው ሚዛንን ቢሮው ጠርቶ፣ እየጮህን ከረምን፣ ይኸው ሰሙን አላት። ሪፖርቱን ሐሙስ ጠዋት ፈርማ እንድታመጣለትም ነገራት።

ሚዛን ግን ደስ አላላትም። ሦስተኛው ጣቢያ ከፋብሪካው ማዶ፣ ከመንገዱ በዚያኛው ወገን ነው፤ ወረቀቱ ዛሬም እንደ ድሮው ጥቁር ነው። ንፋስ ምን ቢያዳላ የመንገዱን ግማሽ ብቻ አያጸዳም። በዚያ ላይ ሰኞ ዕለት የአራተኛውን ወረቀት በማጉያ መነጽር ስታየው አንድ ነገር አየች፤ ሰማያዊ ክር። ከቅንድብ ፀጉር ያጠረች፣ ቅልብስ ያለች። ብረት ማቅለጫ ጥላሸት ያወጣል፣ ዝገት ያወጣል፤ ክር አያወጣም። ያለፉትን ሳምንታት ወረቀቶች ከየሳጥናቸው እያወጣች አየቻቸው። ከሃያ አንዱ በዘጠኙ ላይ ያው ሰማያዊ ክር ነበረ። ላዩ ያማረ ወረቀት፣ ውስጡን ለቄስ።

ለማንም አልተናገረችም። ምክንያቱም የክሊኒኩ ጥበቃ አባቷ ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ቤት መዋል አልሆንላቸው ብሎ፣ የሰፈሩ ሰው ለምኖላቸው ያገኙት ሥራ ነው። የጣሪያው ቁልፍም በእሳቸው እጅ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ሚዛን ግን በዚያ ሌሊት የገዛ ልቧም ባዳ ሆነባት። አንዴ የሆነ ጎረምሳ ይሆናል ትላለች፣ አንዴ ፋብሪካው የላከው ሰው፤ አባቷ ጋ ስትደርስ ሐሳቧ መንገድ ይለውጣል።

ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ወደዚያ ሄደች። ከአውቶቡስ ስትወርድ የምታውቀው ሽታ ተቀበላት፤ የተቃጠለ ሳንቲም በምላስ እንደመላስ ያለ። ከመንገዱ ዳር የቆሙት መኪኖች ጣሪያቸው ላይ ባረፈው ጥላሸት ልጆች በጣት ሥዕል ሥለውበታል። በክሊኒኩ ግቢ አሥራ አራት እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ተሰልፈዋል፤ ቆጠረቻቸው። ከአንዱ ልጅ ሳል አንዱ እየተቀበለ፣ ሰልፉ በሙሉ በአንድ ደረት የሚስል ይመስላል። ነርሷን ሰላም ብላ ሰሞኑን የሳል በሽተኛ ቀንሷል ወይ ብላ ጠየቀቻት። ነርሷ ሥራዋን ሳታቋርጥ፣ ማን ነው ቀነሰ ያለሽ ብላ መለሰችላት።

አባቷ በሩ ላይ አልነበሩም፤ ምሳ ሊበሉ ገብተዋል አሏት። የክሊኒኩ ጽዳት ሠራተኛ፣ አንሶላ ጣሪያ ላይ ስለምታሰጣ፣ ሁለተኛ ቁልፍ ነበራት። ሚዛን ከእሷ ተቀብላ ወጣች።

ማሽኑ ከውሃ ታንከሩ አጠገብ ቆሞ ያንጎራጉራል። አየር የሚስብበት አናቱ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ጨርቁ እርጥብ ነው፣ አራት እጥፍ ነው፣ በሲባጎ ታስሯል። ሰማያዊ ነው። ጠጋ ብላ ሳትነካው ቆመች። የሥራ ቱታ እጅጌ ነበር። ክርኑ ላይ በቡና ዓይነት ክር የተሰፋ ቅድ አለ፤ እናቷ ከመሞታቸው በፊት በነበረው ዓመት፣ ሰማያዊ ክር ጠፍቶ፣ ማን ያየዋል ብለው የሰፉት ነው።

ከዚያ የእግር ድምፅ ሰማች። ደረጃው ሃያ ሁለት ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ዕረፍት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ዕረፍት። በየዕረፍቱ መሐል የሚያፏጭ ትንፋሽ። መሸሽ አማራት፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት የሞላት ሴት፣ እንደ ልጅነቷ ከታንከሩ ጀርባ መደበቅ አማራት።

አባቷ በሩን ይዘው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆሙ። አይተዋታል፤ እጇንም፣ ጨርቁንም አይተዋል።

«እንግዲህ ፍቺው» አሉ በመጨረሻ። «ከደረስሽበት ምን እላለሁ።»

«ለምን አባባ?»

የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠው ነገሯት። የፋብሪካው ፎርማን ሠራተኛውን ሰብስቦ ተናግሯል አሉ። የዚህ ሦስት ሳምንት ቁጥር ከልኩ ካለፈ ምድጃው ይዘጋል፤ ሲዘጋ መጀመሪያ የሚባረረው መጨረሻ የተቀጠረው ነው። መጨረሻ የተቀጠረው ደግሞ ማሙሽ ነው። ማሙሽ የሚዛን ታናሽ ወንድም ነው፤ ሠላሳ ዓመቱ፣ ቁመቱ በር አያስገባውም፣ የቤት ትንሹ ስለነበር ግን ማሙሽ እንደተባለ ቀረ። ሚስቱ የሰባት ወር እርጉዝ ናት። አባቷ ማንንም አላማከሩም፤ ለማሙሽም ቢሆን አልነገሩትም። ወረቀት ቀያሪው በማለዳ መጥቶ ሲሄድ ያስራሉ፣ በማግስቱ ሳይመጣ ይፈታሉ። ቀን ሲሞቅ ወጥተው ውሃ ያርከፈክፉበታል፤ አንሶላ የምታሰጣዋን ሴትዮ፣ ማሽኑ እንዳይግል ነው ብለዋታል። በቀን ሦስት ጊዜ ሃያ ሁለት ደረጃ። ሚዛንን ከነገሩ ሁሉ ይህ አንጀቷን በላት።

«እኔ ሃያ ስምንት ዓመት የዋጥኩትን» አሉ አባቷ «አንድ ወረቀት ሦስት ሳምንት ሳይውጥ ቢቀር ምን ይጎድልበታል?»

«ወረቀቱማ ምን ይሆናል አባባ። እታች የተሰለፉትስ?»

«እታች የተሰለፉት እኮ እንጀራቸው ያው ምድጃ ነው።»

ካሉት ግማሹ እውነት ነበር። ሲባጎውን ፈታች፤ ጨርቁን ስትጨምቀው የወረደው ውሃ ጥቁር ነበር። ሦስት ሳምንት ከወረቀቱ የጠፋው እዚህ ነበር ያለው። በላስቲክ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አባቷ ትናገሪያለሽ ወይ አሏት። አላውቅም አለቻቸው። እውነቷን ነው፤ አላወቀችም። ክንዳቸውን ደግፋ ደረጃውን አወረደቻቸው፤ በየሦስት እርምጃው እሷም አብራ አረፈች።

ረቡዕ ከሰዓት ፈረቃ ሲቀየር ማሙሽን በፋብሪካው በር ጠበቀችው። ምናልባት እሱ ራሱ ነገሩን የሚያቀልላት ይመስላት ነበር። ከሩቅ አይቷት ሳቀ፤ ሲስቅ ጥርሱ ብቻ ነጭ ነው። «እታለም፣ ምን እግር ጣለሽ?» ብሎ ትከሻዋን አቀፈ፤ ከዚያ ቀሚሷን እንዳቆሸሸ አይቶ ራሱ ደነገጠ።

ከግንቡ ጥግ ቆመው አወሩ። የማሙሽ ሥራ ከረጢቶቹ ያሉበት ቤት ውስጥ ነው። ከምድጃው የሚወጣው ጭስ ከሰው ቁመት በሚረዝሙ ሁለት መቶ የጨርቅ ከረጢቶች ውስጥ ያልፋል፣ ብናኙን እዚያ አራግፎ ወደ ጭስ ማውጫው ይሄዳል። አዲስ ገብተዋል ተብሎ በደብዳቤ የተጻፈላቸው እነሱ ናቸው። ስለ እነሱ ስትጠይቀው ግራ ቀኙን አየ። አንድም አልተቀየረም አላት። ከሰባ በላይ ተቀዷል፤ በሽቦ እየሰፉ፣ በድሮ ጆንያ እየደረቡ ይሠራሉ። ማለዳ ማለዳ ደግሞ ጭሱ ሲበዛ ፎርማኑ የጎኑን በር ክፈቱ ይላቸዋል፤ ያኔ ጭሱ ከረጢት የሚባል ነገር ሳያይ በቀጥታ ሰማይ ይወጣል። ማሙሽ ይህን ሁሉ የሚያወራው እንደ ሐሜት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። መሐል ላይ አሳለውና ዞር ብሎ ተፋ። ምራቁ ጥቁር ነበር፤ በጫማው አፈር መለሰበት።

«ደግሞ እኮ» አለ ፊቱ እየበራ «ያንቺ ቁጥር ጥሩ ሆኗል አሉ። ፎርማኑ ራሱ እህትህ ገዳይ ናት አለኝ። ሁለተኛው ምድጃ ከተተከለ ቋሚ አደርግሃለሁ ብሎኛል።»

ሚዛን ባልሠራችው በደል ስትመሰገን የመጀመሪያዋ ነው። ስለ ጨርቁ ልትነግረው ከንፈሯ ድረስ መጣ፤ እሱ ግን ለሚወለደው ልጅ ስለሠራው አልጋ ማውራት ጀምሮ ነበር። ከፋብሪካው አሮጌ ሳንቃ ለምኖ፣ በሦስት እሑድ የሠራው አልጋ ነው፤ አንዱ እግር አጥሮበት ሚስቱ ስቃበታለች። ሚዛን አብራው ሳቀች። ሳትነግረው ተሰነባበቱ።

ሐሙስ ጠዋት ሪፖርቱን ሳትፈርም ኃላፊው ቢሮ ገባች። ጨርቁን በላስቲኩ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። የሃያ አንዱ ቀን ውጤት ይሰረዝ፣ የማሽኑ አፍ በዚህ ተሸፍኖ ነበር አለችው። ኃላፊው ጨርቁን ለረጅም ጊዜ አየው። ከወንበሩ ሲነሳ ፊቱ የሌላ ሰው ፊት ሆኖ ነበር። ፋብሪካው ነው አለ፤ ሰው ገዝተው ነው፤ ዛሬ እጅ ከፍንጅ እይዛቸዋለሁ። የጣሪያው ቁልፍ ማን ጋ እንደሆነ ጠየቀ። መልሷን ሳይጠብቅ ወረቀት ቀያሪውን በስልክ ጠራ። ልጁ መጣና ያየውን ተናገረ፤ አንድ ቁልፍ ጥበቃው ጋ አለ፣ እሳቸው ግን ደረጃ መውጣት የማይችሉ በሽተኛ ሽማግሌ ናቸው፤ ሌላው ጽዳቷ ጋ ነው፣ በየቀኑ ጣሪያ ላይ የምትውለው እሷ ናት።

ኃላፊው «ጽዳቷ» ብሎ ጻፈ። ለፖሊስ ደብዳቤ እንዲረቀቅ አዘዘ።

ሚዛን ያቺን ሴትዮ ታስታውሳለች። ማክሰኞ ቁልፉን ስትሰጣት እጇ በሳሙና ተልጦ ነበር፤ ጠዋት አጥባ ያሰጣችው አንሶላ ከሰዓት ግራጫ ሆኖ እንደምታወርደው፣ ደግማ እንደምታጥበው አጫውታት ነበር። ደብዳቤው ሲታተም ይሰማል። ሚዛን ሁለቱን እጆቿን ጉልበቷ መሐል አጣበቀች። ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም። ዝምታ ወርቅ ነው ብላ ያደገች ልጅ ናት፤ ግን ያ ወርቅ በዚያች ሴትዮ አንገት ላይ ሊታሰር ነው።

«እሷ አይደለችም» አለች። «አባቴ ናቸው።»

ኃላፊው ያልሰማት መሰላት። ደግማ ተናገረች፤ ጥበቃው አባቴ ናቸው፤ ያሰሩት እሳቸው ናቸው፤ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ወንድሜ ፋብሪካው ውስጥ ይሠራል። ወረቀት ቀያሪው መሬት መሬት አየ። ኃላፊው ተመልሶ ተቀመጠ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ሲናገር ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ያ ባሰባት። አባት ይሸፍናል፣ ልጅ ትመዝናለች፤ ይህን ለማን ብነግረው ያምነኛል አላት። እስኪጣራ ድረስ ከሥራ መታገዷን ነገራት። ሚዛን ወረንጦዋን ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አሥራ አንድ ዓመት የያዘችው ስለሆነ ከምትይዝበት ቦታ ላይ ቀለሙ ለቆ ነበር።

ወደ ቤቷ አልሄደችም፤ በቀጥታ ወደ አባቷ ነው የሄደችው። ሌላ ሰው ሳይነግራቸው ልንገራቸው ብላ ነበር። እየሮጠች ደረሰች፣ ግን ከቢሮው ስልክ ቀድሟታል። አባቷ የጥበቃ ቤቱ ውስጥ ኮታቸውን ለብሰው፣ ቁልፎቹን ጉልበታቸው ላይ ደርድረው ተቀምጠዋል። ስለ ጽዳቷ ነገረቻቸው። እስክትጨርስ አላቋረጧትም።

«እሷን ወስደዋት ቢሆን እኔም እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር» አሉ። ከዚያ ቁልፎቹን እየሰበሰቡ «ግን ቀድመሽ ለእኔ ብትነግሪኝ፣ ራሴ እሄድ ነበር።»

ከዚያ በኋላ በመጡት ሳምንታት ብዙ ሰው ብዙ ነገር ተናግሯታል፤ ይህን ያህል የወጋት የለም። አባቷ ጥፋታቸውን በገዛ አፋቸው የሚናገሩበትን ዕድል ቀድማ ወስዳባቸዋለች።

የከተማው አስተዳደር ሌላ ማሽን አመጣ፤ በብረት ፍርግርግ አጥሮ፣ በእርሳስ ማኅተም አሽጎ አሥር ቀን ለካ። አራት ከሁለት አሥረኛ ሚሊግራም መጣ፤ የተፈቀደው ልክ ሦስት እጥፍ ተኩል። ተቆጣጣሪዎች ፋብሪካው ገብተው የከረጢቶቹን ቤት ከፈቱ፤ ሽቦውንም ጆንያውንም፣ የጎኑን በርም አዩ። ምድጃው ከረጢቶቹ እስኪቀየሩ ተዘጋ። የሁለተኛው ምድጃ ፈቃድ ቀረ። አርባ ሰው ቤታችሁ ጠብቁ ተባለ፣ ማሙሽ አንዱ ነው። አባቷ ቃላቸውን ሰጥተው፣ ዕድሜያቸውና ሕመማቸው ታይቶ በማስጠንቀቂያ ተለቀቁ፤ የጥበቃ ሥራቸው ግን ሄደ። ፎርማኑ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረ ሲባል ሰማች። ዝውውር ብቻ።

ምድጃው በተዘጋ በሦስተኛው እሑድ ጠዋት ማሙሽ መጣ። ግባ ብትለው አልገባም፤ ደጃፉ ላይ ቆመ። ሳይሠራ ሰንብቶ ፊቱ ጠርቷል፤ ሳሉም ቀንሷል፣ እሱ ግን ይህን ያስተዋለ አይመስልም።

«እኔ ሁሉን ነገርኩሽ» አለ። «ያን ቀን እዚያ ግንብ ጥግ ቆመን ሁሉን ስነግርሽ፣ አንቺ በቦርሳሽ ምን እንዳለ ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ዝም ብለሽ ስለ አልጋ አስወራሽኝ።»

ይቅር በለኝ አለችው። እሱ ከደጃፉ ወርዶ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ስልኳን አላነሳላትም።

እነዚያን ቀናት ሚዛን እንዴት እንዳሳለፈቻቸው ብትጠየቅ አታውቀውም። ጠዋት እንደ ልማዷ ትነሳለች፣ ትለብሳለች፣ ከዚያ የምትሄድበት ስለሌለ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። በር ሲንኳኳ ፖሊስ፣ ስልክ ሲጮህ ክስ ይመስላታል። ብርጭቆ ስታነሳ እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ይህ እጅ ተመልሶ ወረንጦ ይይዝ ይሆን እያለች ታየዋለች። ወደ አባቷ በየሁለት ቀኑ ትሄዳለች። እሳቸው ስለ ነገሩ አይናገሩም፤ ስለ አየር ሁኔታ፣ ስለ ጉልበታቸው ያወራሉ። ምድጃው በተዘጋ በአምስተኛው ሳምንት አንድ ቀን፣ እስከ መንገዱ ጫፍ ሄደው ሳያርፉ እንደተመለሱ ነገሯት። የተናገሩት እንደ ጉራም እንደ ጥፋትም አድርገው ነበር፤ ሁለቱም ከዚያ በላይ አልገፉበትም።

በሰባተኛው ሳምንት ደብዳቤ መጣላት። ማጭበርበሩን ያጋለጠችው ራሷ ስለሆነች፣ ከዚህ ቀደም የመዘነችውም ሁሉ ተመርምሮ ልክ ስለተገኘ፣ ወደ ሥራዋ እንድትመለስ ይላል። አራተኛውን ጣቢያ ግን ከእንግዲህ እንዳትነካ፣ ሌላ ሰው እንዲመዝነው። ኃላፊው ወረንጦዋን ከመሳቢያው አውጥቶ ሰጣት። መጀመሪያ ቀን እጇ እምቢ ብሏት አንድ ወረቀት ጣለች። በሁለተኛው ቀን እሺ አላት።

ከረጢቶቹም መጡ። ያንን ጨለማ ቤት ከማሙሽ ይበልጥ የሚያውቅ ስላልነበረ፣ እንዲሰቅላቸው ቀድሞ የተጠራው እሱ ሆነ። ሁለት መቶውን ለመስቀል አሥራ ሁለት ቀን ፈጀ። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ምድጃው ተለኮሰ። በዚያው ሳምንት ሚስቱ ሴት ልጅ ወለደች። ለሚዛን የነገሯት አባቷ ናቸው፤ ልጅቷ ማንን ትመስላለች ብትላቸው፣ ገና ነው፣ ለጊዜው ቀይ ሥር ነው የምትመስለው አሏት። እንኳን ማርያም ማረችሽ ለማለት ሁለት ጊዜ እስከ አውቶቡሱ ሄዳ ተመለሰች።

ምድጃው ከተለኮሰ ወዲህ የአራተኛውን ወረቀት የምትመዝነው ወጣቷ ባልደረባዋ ነበረች። ሚዛን አትጠይቃትም፤ ግን ልጅቷ ቁጥሩን ስትጽፍ በትከሻዋ በኩል ታያለች። አንድ ከዘጠኝ። ሁለት ከአንድ። አንድ ከስምንት። ከድሮው ግማሽ ነው፤ ከልኩ ግን አሁንም ይበልጣል። ከረጢት የማያስቀረው ሌላ ብዙ አለ፤ ከሰፈሩ ወዲያ ያሉት የጡብ ምድጃዎች፣ ቀኑን ሙሉ ቁርጥራጭ ብረት የሚያመላልሱት ከባድ መኪኖች፣ የድንጋይ መፍጫው። ኃላፊው አሁን ደግሞ ከእነሱ ጋር ደብዳቤ ጀምሯል።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ሚዛን ከመመዘኛ ክፍሉ ወጥታ ካፖርቷን እያወለቀች ሳለ ስልኳ ጮኸ። ማሙሽ ነበር። ሰላምታ የለ፣ እንደምን አደርሽ የለ፤ ሲተነፍስ ብቻ ሰማችው።

«ሐኪሟ ሕፃን ንጹሕ አየር ያስፈልገዋል አለችን» አለ። «ሚስቴ መስኮት እንክፈት ትላለች። እኔ እንጃ እላለሁ። ልክፈተው?»

ሚዛን ቆይ አለችው። ወደ ወጣቷ ጠረጴዛ ሄዳ የዛሬውን ቁጥር ጠየቀቻት፤ እንዳትነካ የተባለችው ወረቀቱን ነው፣ መጠየቅ አልተከለከለችም ብላ ራሷን አጽናናች። ሁለት ከሦስት ነበር። የንፋሱን አቅጣጫ ከግድግዳው ሰሌዳ ላይ አየች። ሠላሳ ሰከንድ ቢሆን ነው። ብትሳሳትስ? ይህን ያህል ዓመት ለከተማ ስትመዝን እንዲህ ፈርታ አታውቅም።

«አሁን አትክፈት» አለችው። «ከሰዓት ንፋሱ ወደ ወንዙ ሲዞር ትንሽ ትከፍታለህ። ሲዞር እኔ እደውልልሃለሁ።»

«ነገስ?»

«ነገም እደውላለሁ።»

ማሙሽ እሺ አለ። ስልኩን ግን አልዘጋውም፣ እሷም አልዘጋችውም። ከወዲያ በኩል ሕፃኗ አስነጠሰች፤ ቀጭን፣ የድመት ግልገል የመሰለ ድምፅ። ሁለቱም ሁለተኛ ትደግም እንደሆነ ጆሯቸውን አቁመው ጠበቁ።